ከግሪክ አገር የመጣ እንግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ቤቶች አንድ በአንድ ሲውጥ፣ ሌላው ልጅ ሮጦ ቤቱ ይገባል፤ እኔ መሮጥ አልችልም ነበር። ትንሽ ፈጠን ካልሁ ደረቴ ውስጥ እንደ ድመት ልጅ የሚያለቅስ ነገር ይነሳብኛል። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው አየሩ የማይገባለት ይመስለዋል፤ የማይወጣለት ነው እንጂ። ይህን የነገረኝ ሐኪም ይመር ነው፣ እውነቱንም ነው። ስለ ሰውዬው ክፉ ልናገር ነው የተቀመጥሁት፤ ግን ከነገረኝ ሁሉ አንዲት ውሸት ባገኝበት ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ባልተቸገርሁ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን እሱ ነው የምለው፣ ይቅር በሉኝ።

ሐኪም እንበለው እንጂ ድሬሰር ነበር፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ። ቤቱ ከእኛ ሦስተኛው አጥር ነው፤ ቀን ክሊኒክ ይውላል፣ ሲመሽ የሰፈሩን ሰው በቤቱ ያያል። በንጉሡ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ ግሪክ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ጠርሙስ ያጥብ ነበር፤ ግሪኩን ሙሴ ያኒ ይለዋል። ሙሴ ያኒ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ለይመር የተወለት አንድ የመርፌ ዕቃና አፍ ሙሉ የግሪክ ቃል ነው። ሰው ሁሉ አዲስ ቃል ከሬዲዮ በሚለምድበት በዚያ በደርግ ዘመን እሱ ስንት ሺህ ዓመት የኖረ ቃል እያነሳ ያጫውተን ነበር። ክሊኒክ ማለት ከግሪክ «አልጋ» የመጣ ነው ሲል የሰማ ጎረቤት፣ «እንግዲህ እኛ ክሊኒክ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የምንተኛው፣ በሉ ለግሪኮች ንገሩልን» ብሎ ሲያስቀን ትዝ ይለኛል።

እናቴ ሐዋ ፍራሽ ሰፊ ነበረች። አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሎንቺና አውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ ፋብሪካ የጣለውን ውዳቂ ጥጥ በጆንያ ይዞ ይመጣል፣ እናቴ እሱን በዱላ አፍታታ ፍራሽና ትራስ ትሞላበታለች። ለእንደ እኔ ዓይነቷ ልጅ ከዚህ የከፋ ቤት የለም፤ ግን ማን ያውቃል? እናቴ በሽታዬን «የሚያፍናት» ነበር የምትለው፣ ዓይን ነው ብላም ክታብ አንጠልጥላልኛለች። አንድ ቀን ከንፈሬ ሲጠቁር አዝላ ይመር ቤት ወሰደችኝ። እሱ ደረቴ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና የበሽታውን ስም ነገረን፤ ጥጡንም ከልጅቱ አርቂ አላት። ጥጡ ከቤት ወጥቶ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ቆጥ ላይ ተሰቀለ፣ እኔ እዚያ ድርሽ እንዳልል ተከለከልሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሆንሁ።

ደህና ሆንሁ ስል፣ ጉም በበዛበት ቀን እንደገና ይነሳብኛል፤ ያኔ ማታ ማታ ወደ ይመር ቤት እላካለሁ። መርፌ የሚቀቅልበትን የከሰል ምድጃ ጭሱ እንዳይነካኝ ብሎ ደጃፉ ላይ ያወጣዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ፍሙ ከውጭ ቀይ ሆኖ ይታየኛል፣ ውስጥ ፋኖሱ ይበራል። ወንበሩን ወደ ኋላ ያዞርልኝና መደገፊያውን አቅፌ እንድቀመጥ ያደርገኛል። ከዚያ ተረት ይጀምራል። ተረቱ እንደ ሌላ ሰው ተረት አልነበረም፤ ጥቂት ይልና ያርፋል፣ ባረፈ ቁጥር እኔ ከንፈሬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ መተንፈስ አለብኝ። ጣቱን ወደ ፍሙ ይቀስራል፤

«ንፊው፣ ዘይኑ። አመዱ ሳይነሳ ፍሙ ብቻ ይቅላ።»

የሚነግረኝ ተረት ስለ ራሱ ስለ በሽታዬ ስም ነበር። «አስም የቤትሽ ልጅ አይደለም» አለኝ የመጀመሪያውን ቀን። «እንግዳ ነው። አገሩ ግሪክ ነው።»

ድሮ ድሮ ነቢዩ ዒሳ እንኳ ሳይወለዱ፣ ዙሪያውን ባሕር በያዘው በግሪክ አገር፣ ሰዎች ተራራ ይወጣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዋጋሉ፤ ሲደክማቸው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ይህን ማለክለክ ነው አስም ያሉት። ያኔ በሽታ አልነበረም፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ነበር። ኋላ የግሪክ ሐኪሞች አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያለከልክ አዩና «ይህ ሰውዬ ዳገት ሳይወጣ ምን ነካው?» ብለው ግራ ገባቸው፤ ሌላ ስም ቢያጡለት የዳገት ወጪውን ስም ሰጡት። እዚህ ሲደርስ ይመር አረፈ፤ እኔ ነፋሁ።

«ስለዚህ አንቺ» አለኝ ቀጥሎ፣ «ተቀምጠሽ ጦሳን የምትወጪ ልጅ ነሽ። ማን ነው ሰነፍ የሚልሽ?»

ይህች አንዲት ቃል ምን እንደሆነችልኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዳገት አትችልም፣ ገመድ ዝላይ አትችልም ተብዬ ከጨዋታ የምገለል ልጅ ነበርሁ። ከዚያች ማታ በኋላ ሲስቁብኝ በሆዴ «እናንተ አንድ ጊዜ ነው የምትወጡት፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስወጣ ነው ያደርሁት» እል ነበር። የልብ ልብ ሰጠኝ።

እንግዳው ከዚያ መንገድ ጀመረ። በየአገሩ እየመሸበት «አሳድሩኝ» ይላል። ጣሊያን ቤት ሲገባ ከስሙ ፊደል አራግፎ ተቀመጠ። ፈረንሳይ ቤት አደረ። እንግሊዝ ከነሙሉ ፊደሉ ተቀበለውና ይጽፈዋል እንጂ ሲጠራው ግማሹን ይውጥበታል፣ «ስስታም!» ይላል ይመር እየሳቀ። ዐረብ ደጅ ሲደርስ ግን «እኛ ረብው የሚባል የራሳችን አለን» ብለው በሩን አልከፈቱለትም። እናቴ ይህን ስነግራት ደስ አላት፣ «አበጁ!» አለች። በመጨረሻ በምጽዋ ይሁን በጅቡቲ እሱም አያውቅም፣ ከፈረንጅ ሐኪም ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ እኛ አገር ገባ፤ ደሴም ወጣ። «ወሎ ደግሞ» አለኝ ይመር፣ «እንግዳ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በአንድ ማታ አይጨርሰውም ነበር፤ አንድ ማታ ጣሊያን ያሳድረዋል፣ ሌላ ማታ መርከብ ላይ ያናውጠዋል። እኔ ታምሜም ሳልታመምም መሄድ ጀመርሁ። ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ነች ሳይል እንደ ሰው የሚያናግረኝ ትልቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ወድጄው ነበር፣ ምን ይደረግ።

ወንድሜ ሰይድ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲተነፍስ የሚጮኸውን ደረቴን ሰምቶ «ባቡሬ» ይለኛል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳገቱ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝና «ባቡር ደርሷል፣ ተሳፈሪ» ብሎ ያዝለኛል። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ መታዘል ታፍራለች፤ እኔ ግን አላፍርም ነበር፣ ጀርባው ሰፊ ነው።

ያኔ የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ቀበሌው ከየቀጠናው ይህን ያህል ወጣት አቅርብ ይባላል፣ ያልቀረበ በአፈሳ ይያዛል፣ ወደ ሰሜን የሄደ ደግሞ ሲመለስ አላየንም። በእኛ መደዳ ለዕድሜው የደረሱ ሁለት ነበሩ፤ የእኛ ሰይድና የይመር ልጅ እንድሪስ። አንዱ እንደሚፈለግ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንድሪስ ከደጅ ጠፋ፣ ገጠር ዘመድ ቤት ነው ተባለ። ሰይድም ጠፋ። አባቴ ጋ ኮምቦልቻ ወርዷል ብለን አስወራን፤ እሱ ግን ከጓሯችን አልወጣም። ዕቃ ቤቱ ቆጥ ላይ ከጥጡ ጆንያ ኋላ ተኝቶ ይውላል።

ምግብ የሚያደርሰው ማነው? እናቴ ወፍራም ነች፣ መሰላሉ አይሸከማትም፤ ደግሞም ጓሮ ስትመላለስ ጎረቤት ይጠረጥራል። ልጅ ግን የትም ብትንጠላጠል ማን ይላታል? እናቴ ድስቱን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና ዓይኔን ሳታይ «ቶሎ ብለሽ ውረጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ ከሁለት ልጆቿ የአንዱን ደረት ለሌላው ነፍስ እንደሰጠች ያወቅሁት ኋላ ነው። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ወጥቼ ስገባ ሰይድ ጥጡ ላይ ተጋድሞ «እንደ ሱልጣን ነው የምኖረው» ይለኛል። ከወረድሁ በኋላ መሰላሉን ሽቅብ ስቦ ያስገባዋል፣ ከታች ላየው ቆጡ ማንም የማይደርስበት ነው። ብናኙ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ማታ ማታ ያፍነኝ ጀመር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፤ በየማታው ይመር ቤት ነኝ። የሚሰጠኝ ክኒንም አልረዳኝም።

አንድ ማታ ተረቱን አልጀመረም። ፋኖሱን ወደ ፊቴ አስጠጋና አየኝ።

«ሁለት ዓመት ደህና ነበርሽ። ምን ተለወጠ?»

«ምንም።»

«ቤት ውስጥ አዲስ ነገር አለ? በግ? ድመት? ጥጥ ነካሽ?»

ዓይኔን ወደ ደጁ ፍም አዞርሁ።

«ዘይኑ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሐኪም አይዋሽም፤ ይቺ ትንፋሽሽ አንድ ቀን እዚህ ሳትደርሺ ትቆማለች።»

ይህን አባባል እኛ ሰፈር ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል። ለቀበሌ ይደበቃል፣ ለጎረቤት ይደበቃል፣ ለዘመድም ይደበቃል፤ ለሐኪም ግን አይደበቅም፣ ገላህን ይገልጣል፣ ሆድህን ይገልጣል። ደግሞ ፈራሁ፤ መሞት ፈራሁ። «ቆጡ ላይ ስወጣ ነው» አልሁት። ለምን ትወጫለሽ አለኝ፣ ምግብ ላደርስ አልሁት። ከዚያ ወዲያ የመጣውን አፌ ራሱ ነው የተናገረው፤ ሰይድን፣ ጆንያውን፣ መሰላሉን ወደ ላይ ስቦ እንደሚያስገባው ሳይቀር ነገርሁት። ብናኝ ስንት ጊዜ እንደሚነካኝ ማወቅ የፈለገ መስሎኝ፣ በቀን ሁለቴ ብዬ ጭምር ነገርሁት።

ይመር ተነሳ። ክኒን ሰጠኝ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ከእንግዲህ እዚያ አትውጪ» አለኝ። ከዚያ ተረቱን ካቆመበት ቀጠለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ሲያርፍ አረፈ፣ እኔም ነፋሁ። ያችን ማታ ባሰብሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምናለ እንኳ ተረቱን ቢተወው!

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት ተሰግዶ እንዳበቃ፣ አራት የቀበሌ ሰዎች በጓሮው በር ገቡ። ቤት አልፈተሹም፣ አልጋ ሥር አላዩም፣ ማንንም አልጠየቁም። መሰላል ይዘው ነበር የመጡት። ሰው ሊያፍስ የመጣ ሰው መሰላል ይዞ አይመጣም። አየሁትና ገባኝ።

ሰይድ ሲወርድ ጸጉሩም ቅንድቡም በጥጥ ነጭቶ ሽማግሌ መስሎ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ «አብሽሪ፣ አይዞሽ ባቡሬ» አለኝ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ትለምናለች፤ ቀና ስትል እኔን አየችና ጮኸች፦

«ሩጪ! ለሐኪሙ ንገሪው! በሽተኛ ነው ብሎ ይጻፍልን!»

ሮጥሁ። ሮጬ አላውቅም፣ ያን ቀን ሮጥሁ። ይመር ደጁ ላይ ቆሟል። አጠገቡ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወር ሙሉ ያልታየው እንድሪስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጸጉሩን ይስተካከላል፤ እሱ አየኝና አቀረቀረ። ይመር ገብቶ ወንበሩን አወጣ፣ እንደ ልማዱ አዞረው።

«መጀመሪያ ተቀመጪ። ትንፋሽሽ ይመለስ።»

አልተቀመጥሁም። «መሰላል ይዘው መጡ» አልሁት።

እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «ከሁለቱ አንዱ መሄዱ አይቀርም ነበር፣ ዘይኑ» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ «አንቺም ብትሆኚ እዚያ ቆጥ ላይ ትሞቺ ነበር» አለ።

የመጀመሪያው ያባት ነገር ነው፤ ልጁን ማን ይጠላል? ሁለተኛውን ባይጨምርበት ምን ነበረበት? ወንድሜን ሸጦ ለእኔ ደረት ያሰበ መሰለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣለኝ ሲጥለኝ እንኳ «ለአንቺው ብዬ ነው» የሚል ፈረስ ነው።

ስመለስ ሰይድ የለም፣ ወስደውታል። እናቴ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ቤት የለም» አልኋት። ለምን ዋሸሁ? እሱን ከተናገርሁ ለእሱ የነገረው ማነው ልትለኝ ነው። በዚያች አንዲት ቃል ከይመር ጋር አንድ ላይ ታሰርሁ። በማግስቱ አባቴ ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ወጥቶ መንገድ ዳር ሻይ ሲጠጣ ወጣት የጫኑ መኪናዎች አልፈዋል፤ ልጁ ከእነሱ በአንዱ ውስጥ እንደነበረ የሰማው ቅዳሜ ቤት ሲመጣ ነው። «ቆሜ አሳለፍኋቸው» እያለ ብዙ ጊዜ ይናገር ነበር።

እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። ይመር ሊያጽናናን መጣ። ደግሞ መጣ። ከሰይድ ሁለት ደብዳቤ መጥቶልን ነበር፤ እናቴ እኔ ማንበብ እየቻልሁ «የሐኪሙ አነባበብ ሆድ ያርሳል» ብላ እሱን ታስጠራለች። ያነብላታል፣ መልሱንም ይጽፍላታል። ሲነሳ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቀዋለች፦ «አንቱ ሐኪም፣ አላህ ልጅዎን ያኑርልዎ። እንድሪስን ደጅዎ ላይ ያሽምግልልዎ።» እሱ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይላል። እኔ ማእዘን ላይ ቁጭ ብዬ ይህን እሰማለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም፣ ምርቃቱ ግን አልቀረም፤ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ትመርቀዋለች።

እኔ ሁለተኛ ቤቱ አልሄድሁም። ሲያፍነኝ ግድግዳ ተደግፌ አድራለሁ እንጂ አልሄድም፤ እናቴ «ምን ዓይነት ግትር ናት» ብላ ለአባቴ ስትነግረው ኮምቦልቻ ወሰደኝና እዚያ ትምህርት ገባሁ። ቆላው አየር ተስማማኝ። ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በባዶ እግሩ ከሰሜን ሲጎርፍ እናቴ የውሃ ጀሪካን ይዛ መንገድ ዳር ተቀመጠች፤ ለአንድ ወር ያህል ላለፈ ሁሉ ውሃ እየሰጠች «ሰይድን ያየ?» አለች። ያየ የለም። ሞቷል የሚል ወረቀትም ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ላልሞተ ሰው አይለቀስም።

ነርስነት ስማር አስተማሪያችን አስምን ያስተማረን ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትልቁን የሕክምና መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ይመርን በውሸት ልይዘው ነው። እንዲያው አንዲት ነገር፣ ግሪክ ሳይሆን ሌላ ቢሆን፣ ማለክለክ ሳይሆን ሌላ ቢሆን። አልሆነም። ግሪክ ነው፤ በአፍ ማለክለክ ነው፤ ጣሊያኑም እንግሊዙም እሱ እንዳለው ነው። ጠርሙስ ሲያጥብ የለቀማትን እውቀት ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የሰጠኝ። መጽሐፉ ላይ አለቀስሁ። ውሸታም ቢሆን መጥላቱ ይቀለኝ ነበር፤ እውነት እየነገረ የከዳን ሰው ምን ያደርጉታል?

ይመር በሽምግልና ሞተ። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር ማለት ነው፣ ለቀብር ሲጠራ እናቴ «ነይና ደግፊኝ» ብላ ከኮምቦልቻ አስጠራችኝ። አባቴ ያኔ በሕይወት የለም። ለቅሶው ቤት ገብተን እናቴ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጄን ሲወስዱብኝ ደጄን ያልረሳ እሱ ነበር» ብላ አለቀሰች። እንድሪስ ሸብቷል፤ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። እናቴ ራሱ ላይ እጇን ጭና «ሽምግል ልጄ፣ ደግሞም ሽምግል» አለችው። እሱ ቀና ብሎ ፊቷን ማየት አልቻለም። እኔ አላለቀስሁም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ «ለምን አላለቀስሽም? ትንፋሽሽን የመለሰልሽ ሰው አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልሁም። «ሰይድን ያስወሰደው እኮ እሱ ነው፣ እማ!» አልሁ። መንገድ ላይ ነው የጮኽሁት፣ ሰው ዞር ብሎ አየን።

እናቴ መራመዷን አላቋረጠችም። «አውቃለሁ» አለች። «መሰላል ይዘው ሲመጡ አወቅሁ። ቆጡ ላይ የምትወጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ ከሱ ቤት ሌላ የምትሄጂበት አልነበረሽም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ምርቃት?»

«እርግማን ሐራም ነው። ምርቃት ግን ማን ይከለክለኛል? ልጅዎን ያኑርልዎ ባልሁት ቁጥር የእኔን ልጅ ያስባል። አሚን ሲል አይተሽዋል? ያችን አሚን እሱ ነበር የሚያውቃት።»

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት ከይመር ይልቅ እናቴ የከዳችኝ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳታውቅብኝ ብዬ ብቻዬን የተሸከምሁትን፣ ቤቴን ትቼ የወጣሁበትን፣ እሷ ከመጀመሪያው ቀን ታውቀው ኖሯል። ክንዷን ለቀቅሁት። «እኔ መሆኔን ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺ ልጅ አትፍሪ፣ አትይኝም?»

ቆመች። ዳገቱ አድክሟት ነበር፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«አንቺስ?» አለችኝ።

ክንዷን መልሼ ያዝሁና ቤት ገባን። ነጠላዋን አንጥፋ መሬት ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ፤ ለይመር ለቅሶ ብለን ወጥተን የሰይድን ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤት ድምፃችንን ሰምቶ ገባና ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። እናቴ «ልጄ» አለችው።